ያልታለበ ቅቤ

አያቴ ቅቤ የምትቀባን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ቢቸና ገጠር፣ ጎጆዋ በር ላይ በርጩማዋን አስጠግታ ትቀመጥና ሦስታችንን በየተራ በጉልበቶቿ መሀል ታስገባናለች። ለጋውን በሁለት ጣቷ ዛቅ ታደርግና መጀመሪያ አናት፣ ቀጥሎ ከጆሮ ግንድ ጀርባ፣ ከዚያ ማጅራት ትለቀልቃለች። ጣቷ ላይ የቀረውን የራሷ ክንድ ላይ ታብሰዋለች እንጂ በጨርቅ አትጠርገውም። እኔ የምጠላው እሑድ ጠዋትን ነበር። ፀሐይ ሞቅ ሲል ቅቤው ቀልጦ በግንባሬ ይወርዳል፣ ዝንብ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ቤት ይሸኘኛል።

ይህን የማነሳው ሹሩባ መሥራት መተዳደሪያዬ ከሆነ 31 ዓመት ስላለፈው ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለችው ጠባብ ቤቴ የሚመጡ ልጆች ቅቤ አይፈልጉም፤ «ይሸታል፣ እትዬ» ይላሉ። በምትኩ ከቦርሳቸው ክዳኗ ወርቅማ የሆነች ፕላስቲክ ዕቃ ያወጡና «ሺያ በተር ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው» ይሉኛል። እኔም ለዓመታት ቀባኋቸው። ከምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንዷ ደንበኛዬ «ከፍየል ወተት ነው» ስትለኝ አምኜ፣ ለሌሎች ደንበኞቼም አስተምሬያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የእህቴ ልጅ ለሥራ ሰሜን ጋና፣ ታማሌ የምትባል ከተማ ገባች። በሐምሌ ልጠይቃት ስሄድ እዚያም እንደ እኛው ክረምት ነው፤ መሬቱ አረንጓዴ፣ ቤቶቹ ክብ የጭቃ ቤቶች፣ መንገዱ ሁሉ ሞተር ብስክሌት። ከከተማው ወጣ እንዳልን በየበቆሎውና በየማሽላው እርሻ መሀል እዚህም እዚያም የቆሙ፣ ቅርፊታቸው እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ዛፎች አየሁ። ገበሬው ጫካውን ሲመነጥር ሌላውን ሁሉ ጥሎ እነዚህን ትቷቸዋል። «ማን ተከላቸው?» ብል ሳቁብኝ። ዛፉ ፍሬ ለመስጠት 15፣ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ሙሉ ምርት የሚሰጠው ጎልምሶ ነው። ማንም ለራሱ ብሎ አይተክለውም፤ አባቱ ሳይቆርጠው የተወለትን እሱም ሳይቆርጥ ያልፋል። ፍሬው ግን የሴቶች ነው። መሬቱ የባል፣ ለቀማው የሚስት።

ለቀማው ሳይነጋ ነው። ፍሬው በሌሊት ይወድቃልና ሴቶቹ ከፍየልና ከጎረቤት ቀድመው መድረስ አለባቸው። ሳሩ ረጅም ነው፣ ሳሩ ውስጥ እባብ አለ። የሄድኩባት መንደር ሴቶች የፕላስቲክ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። በቋንቋቸው «ዳሲባ» ብዬ የጠዋት ሰላምታ ሰጠሁ፤ «ናአ» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ ሌላ ዳግባንኛ አልተማርኩም። ፍሬው ያልበሰለ ኮክ ይመስላል፤ አረንጓዴ ሥጋው ለስላሳና ጣፋጭ ነው፣ ልጆቹ እየመጠጡ ዘሩን ወደ ሳፋው ይወረውራሉ። እኔም አምስት በላሁ። ከውስጡ የሚወጣው ዘር የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነው፤ በዘይት የተወለወለ ጠጠር ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው። ዘሩ እንዳይበቅል ይቀቀላል፣ ለቀናት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ደመና ሲመጣ ይነሣል፣ ሲሄድ እንደገና ይሰጣል። ክረምት ላይ ፀሐይ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ በርበሬ ያሰጣች ታውቃለች። አንዴ ከሻገተ ቅቤው ይከፋል። ሲደርቅ ቅርፊቱ በድንጋይ ይሰበራል፣ ፍሬ ፍሬው ተለቅሞ ዳግም ይደርቃል። ከዚያ ተወቅጦ በትልቅ ብረት ድስት ይቆላል። ቡና ሲቆላ ያደግኩ ነኝና ሽታውን ተጠግቼ ጠበቅሁ፤ ቡናም አይደለም፣ ካካዎም አይደለም፣ የሁለቱ አክስት ነገር ነው። የተቆላው ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ በናፍጣ ሞተር ይፈጫል፣ የሚወጣውም ዱቄት ሳይሆን ጥቁር ቡናማ ልቁጥ ነው። ራሱ ፍሬው ግማሽ ያህሉ ቅባት ስለሆነ ዱቄት መሆን አይችልም።

ልቁጡን ትልቅ ሳፋ ውስጥ አደረጉት። አንዲት ሴት እግሮቿን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እጅጌዋን እስከ ትከሻ ሰበሰበች፣ ጥቂት ውኃ ጨምራ በክንዷ መምታት ጀመረች። ማሸት አይደለም፣ ማቡካትም አይደለም፤ በክብ እያዞሩ አየር ማስገባት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ትጨምራለች፣ ትመታለች፣ ትንሽ ሞቅ ያለ ትጨምራለች፣ ትመታለች። ውኃው ከሞቀ ቅባቱ አይሰበሰብም፣ ከቀዘቀዘ ይደድራል፤ ልኩን የምታውቀው በክርኗ ነው። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቡናማው ግራጫ ሆነ። እኔም ልሞክር ብዬ ገባሁ። ሴትዮዋ ስትመታው ቀላል ይመስል የነበረው ክንዴን ወዲያው አዛለው። ሲስቁብኝ ትርጉም አላስፈለገኝም። ሹሩባ የሚሠራ ሰው ጣቱ እንጂ ትከሻው አይጠነክርም።

ከዚያ ድንገት ከለሩ ተለወጠ። ግራጫው ነጣ፣ እንደ ተመታ እንቁላል አረፋ ሆኖ ከውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ሴትዮዋ አቆመች፣ አንድ ቃል ተናገረች። የእህቴ ልጅ ሳትተረጉምልኝ አወቅሁት፤ «ደርሷል» ነው ያለችው። አያቴ ወተት ስትገፋ በመግፊያዋ ቀዳዳ ስንደዶ አስገብታ አውጥታ ታይና ልክ በዚያ ድምፅ፣ «ደርሷል» ትል ነበር። እዚያ ሳፋ አጠገብ ተንበርክኬ አያቴን አሰብኳት። የእኔዋ በአሬራ ላይ ቅቤዋን ስትሰበስብ የእነሱዋ በቡናማ ውኃ ላይ ነጭ አረፋዋን እየጠረገች በተደጋጋሚ ታጥበዋለች። አጥባ ስትጨርስ እሳት ላይ ትጥዳለች፣ ውኃው እየተንጣጣ እስኪያልቅ ይፈላል። እንደ እኛው ማንጠር ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረት ብቻ ቀረበት። አጥልለው አሳደሩት፣ በማግስቱ ሲረጋ የዝሆን ጥርስ መልክ ይዞ ቅል ውስጥ ተሞላ።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ያናድደኛል። ዕቃው ላይ ቅጠልና ጠብታ ይሥላሉ፤ ቅቤው ከዛፉ በራሱ የተንጠባጠበ ይመስላል። እባቡ የለ፣ ማገዶው የለ፣ ውኃው የለ፣ ክርኗ የለ። አፈ ቅቤ ማለት ይሄ ነው፤ ልቡን እንኳ ለጊዜው ልተወው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ሁሉ ያየሁትን መልሶ ያሳየኛል። ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1352 የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባቱታ ሰሃራን አቋርጦ ወደ ማሊ ሲወርድ ይህንኑ ፍሬ አገኘ፣ «ጋርቲ» ብሎም ጻፈው። ጣፋጭ ነው ይላል፤ ለነጮች ግን አይስማማም ብሎ ያስጠነቅቃል። ዘሩ ተወቅጦ ዘይት ይወጣዋል፤ በዘይቱ ያበስሉበታል፣ መብራት ያበሩበታል፣ ሊጥ ይጠብሱበታል፣ ገላቸውን ይቀቡታል፣ ከአፈር ጋር ለውሰውም ቤታቸውን ይለስኑበታል። በትልልቅ ቅል ተሞልቶ ከከተማ ከተማ ይጓዝ ነበር።

«ይለስኑበታል» የሚለው ላይ ቆምኩ። በዚያች መንደር ቅቤው ከተነሣ በኋላ የቀረውን ጥቁር ቡናማ እጣቢ ሴቶቹ አልደፉትም። አንዷ በጣሳ ወስዳ የቤቷን ግድግዳ ስትቀባ አይቻለሁ። ዝናብ እንዳይሸረሽረው ነው ብላኝ ነበር፤ እኔ የእሷ የግል ብልሃት መስሎኝ አደነቅኋት። ለካ ከ670 ዓመት በፊት አንድ የሞሮኮ ሰው ያንኑ ግድግዳ በመገረም አይቶታል። ደግሞም ልብ በሉ፤ በኢብን ባቱታ ዝርዝር ገላ መቀባት አራተኛ ነው የመጣው። መጀመሪያ ድስቱ፣ ቀጥሎ መብራቱ። እኛ ዘንድ የደረሰው በአራተኛው በር ነው።

ዕቃዎቹ ላይ ክሊዮፓትራ ትቀባው ነበር የሚል ማስታወቂያም ይጻፋል። የግብፅን ንግሥት ያልቀባት ምን አለ? ማሩም፣ ወተቱም፣ እሬቱም የእሷ ነው። እኔ ከንግሥቲቱ ይልቅ ቅርፊቱን አምናለሁ። ምዕራብ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ኪሪኮንጎ በሚባል ጥንታዊ መንደር አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ የከሰለ የሺያ ቅርፊት አገኙ፤ የመጀመሪያው እስከ 100 ዓመተ ምሕረት ገደማ ይወስዳል። ጥናቱ በ2016 ሲታተም የሥራውን ዕድሜ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በ1000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ገፋው። አክሱም ገና ስሟ መሰማት ሲጀምር እዚያ የሆነች ሴት ቅርፊት ሰብራ እሳቷ ውስጥ ጥላለች። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ የማገዶዋ ፍርፋሪ ግን ቀርቷል።

ስሙ የቀረው የስኮትላንዱ ሙንጎ ፓርክ ነው። በ1796 የኒጀርን ወንዝ ፍለጋ በባምባራ አገር ሲያልፍ ሰዎች ፍሬውን ሲለቅሙ ደረሰ። «ሺያ ቱሉ» ብሎ የመዘገበው የባምባራ ቃል ነው፤ ሲ ዛፉ፣ ቱሉ ዘይቱ። እንግሊዝኛው «ሺያ» ከዚያ መጣ፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ከወሎፎች ወስደው ካሪቴ ይሉታል። ፓርክ በ1799 ባሳተመው መጽሐፉ ከላም ቅቤ እንደሚነጣ፣ እንደሚጠነክር፣ ለእሱ አፍ እንደሚጣፍጥም፣ ያለ ጨው ዓመት እንደሚቆይም መሰከረ። እኔ የምወደው ግን የዚያኑ ክረምት ሌላ ታሪክ ነው። ሴጉ ከተማ ደጅ የባምባራው ንጉሥ ሳያስገባው፣ ዝናብ ሊወርድበት፣ ተርቦ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሴት ከእርሻ ስትመለስ አይታው ወደ ቤቷ ወሰደችው፤ ዓሣ አበላችው፣ ምንጣፍ አነጠፈችለት፣ ሴቶቹም ጥጥ እየፈተሉ ስለ እሱ ገጥመው ዘፈኑ። ከዚያ በኋላ ሳይንቲስቶች ለዛፉ ስም ሲያወጡ «ቡቲሮስፐርመም ፓርኪ» አሉት፤ የፓርክ የቅቤ ዘር ማለት ነው። ዓሣውን ያበላችውን ሴት ስም እሱም አልጻፈው። ዛሬ የሳይንስ ስሙ «ቪቴላሪያ ፓራዶክሳ» ሆኗል፤ የፓርክም ስም ተነሥቷል።

ስለ ቅኝ ግዛቱ ዘመን ብዙ አልቆይም። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ዘሩን ለሳሙናና ለማርጋሪን ፈለጉት፤ ዛፉ ግን የሚበቅለው ከባሕር ርቆ ነው፤ የዘንባባ ዘይት ደግሞ ለወደብ ይቀርባል። ዘሩን እንደ ጥሬ ዕቃ መላክ ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። የዛሬውን ገበያ ያሰፋው ቸኮሌት መሆኑን ስሰማ ግን ተገረምኩ። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ባወጣው መመሪያ ቸኮሌት ውስጥ ከካካዎ ቅቤ ሌላ እስከ 5 በመቶ የአትክልት ቅባት እንዲገባ ፈቀደ፤ ከተፈቀዱት ስድስት ቅባቶች አንዱ ሺያ ነው። ከአፍሪካ የሚወጣው ሺያ አብዛኛው የሚሄደው ለመዋቢያ ሳይሆን ለምግብ ፋብሪካ ነው። ጋና ውስጥ ካካዎው የደቡብ፣ ሺያው የሰሜን ነው፤ ሁለቱ አገራቸው ሳይተዋወቁ አውሮፓ ቸኮሌት ውስጥ ይገናኛሉ። እኔ በፀጉር ላይ የማውቀውን ነገር ለካ ልጆቼ በልደታቸው ሲበሉት ኖረዋል።

ዛፉ ከሴኔጋል ተነሥቶ ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቀበቶ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። ቀበቶው የት እንደሚያልቅ ካርታው ላይ ሳይ ጣቴ ጋምቤላ ላይ ወደቀ። ሺያ የእኛም ነው! የምሥራቁ ወገን «ኒሎቲካ» ይባላል፤ ደቡብ ሱዳን፣ ሰሜን ዩጋንዳና የጋምቤላ ቆላ አገሩ ነው። በዚያ የሚኖሩት አቾሊዎች ዘይቱን «ሞ ያ» ይሉታል። ቅባቱ ከምዕራቡ ይለሰልሳል፤ ሞቅ ባለ ቤት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ልጅ ሆነን ጂኦግራፊ ስንማር ጋምቤላ ሲነሣ ባሮ ወንዝ፣ ዓሣ፣ ሙቀት ይባል ነበር። ቅቤ የሚሰጥ ዛፍ እንዳለ የነገረን መምህር አልነበረም። እኔ ታማሌ ድረስ በአውሮፕላን ሄድኩ።

ዛፉ በ1998 ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርዝር ገብቷል። ከሰሉ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ከሰል ያለው ዛፍ ደግሞ ዕጣው የታወቀ ነው። 20 ዓመት የጠበቀው በአንድ ቀን ጆንያ ውስጥ ይገባል።

ወደ ሙያዬ ልመለስና ስለ ቆዳ የማውቀውን ልናገር። ሺያ በአብዛኛው ስቴሪክና ኦሌይክ ከሚባሉ ሁለት የስብ አሲዶች የተሠራ ነው። አንደኛው ያጠነክረዋል፣ ሁለተኛው ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ ቅሉ ውስጥ ረግቶ ይቆይና የሰው ገላ ሲነካው ይቀልጣል። ቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ውስጡ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ያግዳል። ተረከዙ ለተሰነጠቀ፣ ክርኑ ለሻከረ፣ ከንፈሩ ለደረቀ ደግ ነው። ሰሜን ጋና ከኅዳር እስከ የካቲት ሃርማታን የሚባል ደረቅ የበረሃ ነፋስ ስለሚነፍስ ሰው ሁሉ ይቀባዋል፤ አራስ ልጅ ይታሽበታል። ከሌሎች ዘይቶች የሚለየው ሳሙና በማይሆነው ክፍሉ ነው፤ ይህ ክፍል ከብዙዎቹ ዘይቶች በዛ ብሎ ይገኝበታል። በውስጡ ያሉት ሲናሜት የሚባሉ ነገሮች ከፀሐይ ጨረር ጥቂቱን ይይዛሉ። ጥቂቱን ብቻ። «ሺያ ተቀብቻለሁ፣ ፀሐይ አያቃጥለኝም» የምትል ልጅ ካለች ጥላዋን ትያዝ። ፀጉር ያሳድጋል የሚሉትንም አላምንም፤ ጫፉ እንዳይሰበር ይረዳል፣ ያልተሰበረ ፀጉር ደግሞ የረዘመ ይመስላል። ፎረፎር አያድንም። ፊቷ ብጉር ያለባት ደንበኛዬ ግንባሯ ላይ ስትለድፈው እከለክላታለሁ።

ስትገዙ በሽታው እወቁት። ያልተጣራው ጢስ ጢስ፣ ለውዝ ለውዝ ይላል፣ መልኩም የዝሆን ጥርስ ነው። ፋብሪካ ያጣራው ነጭና ሽታ የለሽ ነው፤ ያለሰልሳል፣ ግን ከዘሩ የመጣው ብዙ ነገር ተጠርጎበታል። በጣም ቢጫ ከሆነም አትደነቁ፣ የእንጨት ሥር ቀለም የሚጨምሩበት አሉ። ለጋ ቅቤ ከሙዝ ጋር ተለውሶ የተሸጠለት የአዲስ አበባ ሰው ቅቤ መጠርጠርን ማንም አያስተምረውም።

ከታማሌ ስመለስ ሴቶቹ አንድ ትንሽ ቅል ሙሉ ሰጥተውኝ ነበር። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ መዳፏ ላይ አሟሟች።

«ጢስ ጢስ ይላል» አለች። «ላሟ ምን ትበላለች?»

«ላም የለውም፣ እማዬ። የዛፍ ፍሬ ነው።»

«ወተት አልነካውም?»

«አልነካውም።»

«ሰዎቹ ይበሉታል?»

«ከጥንት ጀምሮ። ወጥ ይሠሩበታል።»

ዝም አለች። ቅሉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«እንግዲያውስ ጾም ነዋ!»

ለተረከዟ ብዬ ያመጣሁትን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ሽንኩርት ሲንጣጣ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሽሮው ሲንተከተክ። «ለአናቴ እንኳ ትንሽ አስቀሪልኝ» ብዬ ጮህኩ። ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ቅሉን አላመጣችም። ጣቷ ላይ የቀረውን ክንዷ ላይ እያበሰችው ነበር።